መውጫ የሌለው ሐይቅ፦ የሐይቁ ደለልና የገዳሙ ብራና ስለ አካባቢው መሬት ምን ይናገራሉ?

ሐይቅ፦ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደተጓዙ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ የኾነችው የሐይቅ ከተማ ትገኛለች። ከከተማዋ በስተምሥራቅ፣ በተራሮች ተከብቦ የተኛው ውኃ ለከተማዋ ስሙን ያወረሰ ነው። ስፋቱ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲኾን ከጣና ጋር ሲነጻጸር መቶኛውን እንኳ አይሞላም። ጥልቀቱ ግን ሌላ ነገር ነው። የጣና ጥልቅ ሥፍራ 15 ሜትር ገደማ ሲኾን የሐይቅ ጥልቅ ሥፍራ 88 ሜትር ኾኖ ተለክቷል።

ሌላም ልዩ ጠባይ አለው። የሚገባበት እንጂ የሚወጣበት ወንዝ የለውም። በደቡብ ምሥራቅ በኩል ከፍ ብሎ ከሚገኘው ከአርዲቦ ሐይቅ የሚነሣው የአንከርካ ወንዝና በክረምት ከየሸንተረሩ የሚወርደው ጎርፍ ሁሉ መጨረሻቸው እዚያው ነው። ውኃው የሚቀንሰው በትነትና ወደ ከርሰ ምድር በመስረግ ብቻ ነው። ከጎርፉ ጋር የመጣው አፈር፣ ማዳበሪያ፣ ቅጠልና ዐመድ ግን አይተንም። ከታች ይዘቅጣል፤ በዚያው ይቀራል። አባይ ከጣና ሲወጣ ይዞት የሚሄድ ነገር አለ፤ ሐይቅ ግን የተቀበለውን ሁሉ ያስቀምጣል።

ይህ ጠባይ ለአካባቢው አርሶ አደር ሥጋት፣ ለተመራማሪ ደግሞ ሲሳይ ኾኗል። በየዓመቱ የሚዘቅጠው ደለል በቀድሞው ላይ እየተነጠፈ ለሺሕ ዓመታት ስለተከማቸ፣ የሐይቁ ወለል ከታች ወደ ላይ እንደሚነበብ መዝገብ ነው። በዚያው ሐይቅ ላይ፣ በደብረ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ውስጥ ደግሞ በሰው እጅ የተጻፈ ሌላ መዝገብ በብራና ተቀምጧል። ሁለቱም ስለ አንድ ምድር ይናገራሉ፤ አንባቢዎቻቸው ግን ብዙ ጊዜ አይገናኙም።

የደለሉ ንባብ እንዲህ ነው። ተመራማሪዎች ሐይቁ ላይ በተንሳፋፊ መድረክ ኾነው ረጅም ቱቦ ወደ ወለሉ ይሰዳሉ። ቱቦው በጭቃው ውስጥ ሰርጎ ሲወጣ የተነጠፈውን ደለል ንብብሩ ሳይዛባ ይዞ ይመጣል። ከላይ ያለው የትናንቱ፣ ከታች ያለው የጥንቱ ነው። ዕድሜውን ለማወቅ በደለሉ ውስጥ የተገኘ የቅጠል ወይም የእንጨት ቁራጭ በራዲዮካርቦን ይለካል። ተክል በሕይወት ሳለ ከአየር የሚወስደው ካርቦን ጥቂት ጨረር አመንጪ ካርቦን ይገኝበታል። ተክሉ ሲሞት አዲስ መውሰዱ ይቆማል፤ የያዘው ደግሞ በየ5 ሺሕ 730 ዓመቱ በግማሽ እየቀነሰ ይሄዳል። የቀረው መጠን ሲለካ ተክሉ ከሞተ ስንት ዘመን እንዳለፈ ይታወቃል። ልኬቱ የዐሥርት ዓመታት ልዩነት ሊኖረው ስለሚችል ቀንና ወር ቆርጦ አይነግርም፤ የዘመኑን አቅጣጫ ግን ያሳያል።

ከዚያ በኋላ የሚፈለገው በዐይን የማይታየው የአበባ ብናኝ ነው። ዛፍና ሣር ሲያብብ ነፋስ ብናኙን ወደ ሐይቁ ያመጣዋል። የብናኙ ቅርፊት እጅግ ጠንካራ በመኾኑ አየር በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ሺሕ ዓመት ቢቀበር አይበሰብስም። በማጉያ መሣሪያ ሲታይ የጽዱ ከዝግባው፣ የወይራው ከክትክታው ይለያል። ተመራማሪው ብናኞቹን በመቁጠር በዚያ ዘመን በሐይቁ ዙሪያ የትኛው ተክል እንደበዛ ይገምታል። አብሮ የሚገኘው የከሰል ብናኝ ደግሞ እሳት የተለቀቀበትን ዘመን ይጠቁማል።

ኢያን ዳርቢሻየር፣ ሄንሪ ላምብና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው መሐመድ ዑመር ከሐይቅና ከአርዲቦ የወጣውን ደለል በዚህ መንገድ መርምረው ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2003 አሳትመዋል። ጥናቱ የ3 ሺሕ ዓመታት ታሪክ ነው። በመጀመሪያው ዘመን ተራሮቹ የዝግባና የጽድ ደን ለብሰው ነበር። ከክርስቶስ ልደት በፊት 500 ዓመት ገደማ ደኑ ተመነጠረ። በምትኩ ክትክታና ሣር መሬቱን ያዙት፤ ይህም ለ1 ሺሕ 800 ዓመታት ያህል ዘለቀ። ከዚያ ያልተጠበቀ ነገር መጣ። እ.ኤ.አ. ከ1400 እስከ 1700 ባለው ጊዜ የጽድ ደን ከወይራና ከቀውት ጋር ተመልሶ ተስፋፋ። ለዚህ ምክንያት ሊኾኑ ይችላሉ ተብለው የቀረቡት የሕዝብ ቁጥር መመናመንና የዝናብ መጨመር ናቸው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ምንጣሮውና የአፈር መሸርሸሩ እንደገና በረታ።

ይህ ግኝት በተለምዶ ከሚነገረው ታሪክ ጋር አይስማማም። በየስብሰባው የሚጠቀሰው አባባል ከመቶ ዓመት በፊት የሀገሪቱ 40 በመቶ በደን የተሸፈነ እንደነበረና በአንድ ትውልድ እንደጠፋ ነው። በሐይቅ ዙሪያ ግን ደኑ መጀመሪያ የተመነጠረው ከ2 ሺሕ 500 ዓመት በፊት ነው። የዛሬው ገበሬ አያት ቅድመ አያት የቆረጡት ጽድም የጥንቱ ደን ሳይኾን ተመልሶ የበቀለው ነበር። ለአርሶ አደሩ ትልቁ ቁም ነገር ከዚህ የሚቀዳ ይመስላል። ክትክታ ብቻ ይዞ 1 ሺሕ 800 ዓመት የቆየ መሬት ጽድና ወይራ መልሶ ማብቀል ችሎ ነበር። መሬቱ ተዳክሟል እንጂ አልሞተም ማለት ነው።

ሁለተኛው የደለል ምስክር ኦክስጅን ነው። በውኃ ውስጥ ቀላልና ከባድ የኦክስጅን ዓይነቶች አሉ። ድርቅ ሲበረታ ቀላሉ ቀድሞ ይተንና የቀረው ውኃ በከባዱ ይሞላል። በሐይቁ ውስጥ የሚፈጠረው የኖራ ደለል ይህን መጠን እንደያዘ ይዘቅጣል። ስለዚህ መዝገቡ የዝናብና የድርቅ ዘመናትን ለመለየት ያስችላል። ላምብና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ሌላ ጥናት በዚህ ዘዴ የ2 ሺሕ ዓመታትን የአየር ጠባይ መርምረዋል። ከዚያም በኋላ የተደረገ ጥናት ወደ ኋላ ርቆ ሄዶ፣ ከ15 ሺሕ ዓመታት በፊት ሐይቁ እጅግ ተመናምኖ እንደነበርና በኋላ ዳግም እንደሞላ አሳይቷል። በልግና ክረምት ተስማምተው በማይመጡበት በዚህ አካባቢ፣ ዝናብ ምን ያህል ሊለዋወጥ እንደሚችል ለማወቅ ከዚህ የረዘመ መዝገብ አይገኝም። የሜትሮሎጂ ጣቢያዎች የመዘገቡት ቢበዛ የጥቂት ዐሥርት ዓመታትን ነው።

ወደ ብራናው ስንመለስ ነገሩ የበለጠ ይሰምራል። አባ ኢየሱስ ሞዐ ከደብረ ዳሞ መጥተው በሐይቅ የምንኩስና ትምህርት ያቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ1248 ነው። አቡነ ተክለ ሃይማኖትን ጨምሮ በኋላ በየሀገሩ ገዳማትን ያቀኑ መነኮሳት የተማሩት በዚህ ነበር። የገዳሙ አበምኔቶች ዐቃቤ ሰዓት በሚል ማዕርግ በነገሥታቱ ቤተ መንግሥት ከፍ ያለ ሥፍራ ነበራቸው። የታሪክ ተመራማሪው ፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ከ1248 እስከ 1535 የነበሩትን የደብረ ሐይቅ አበምኔቶች ታሪክ እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ጥናት በዝርዝር አቅርበዋል።

አባ ኢየሱስ ሞዐ እ.ኤ.አ. በ1280 ወይም 1281 ለገዳሙ ያበረከቱት ወንጌል እስከ ዘመናችን ደርሷል። ከቀን ቁጥር ጋር ከተገኙት ጥንታዊ የኢትዮጵያ ብራናዎች አንዱ ነው፤ የእርሳቸውም ሥዕል በውስጡ ይገኛል። ለዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር ግን ከወንጌሉ ውጭ በባዶ ገጾቹ ላይ የተጻፈው ነው። በቀድሞ ዘመን ወንጌል እንደ መዝገብ ቤትም ያገለግል ነበር። የመሬት ስጦታ፣ የገዳሙ ንብረትና የመጻሕፍት ዝርዝር፣ የሹመት ሥርዓት በዚያ ላይ ይጻፋል። ቃሉ በወንጌል ላይ ስለተጻፈ የሚደፍረው አይኖርም ተብሎ ይታመናል። እንዲህ ያሉ ማስታወሻዎች የትኛው መሬት ለማን እንደተሰጠና ማን ምን እንደሚያስገባ ስለሚናገሩ ለግብርና ታሪክም ምንጭ ናቸው።

ሁለቱ መዝገቦች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንድ አስገራሚ ሥዕል ይወጣል። አባ ኢየሱስ ሞዐ ሐይቅ በደረሱበት ዘመን፣ በብናኙ ምስክርነት፣ የአካባቢው ተራራ በአመዛኙ ክትክታና ሣር የለበሰ ነበር። የጽዱ ደን የተስፋፋው ከእርሳቸው በኋላ ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው የኢማም አሕመድ ጦርነትና የሕዝብ ፍልሰት ለደኑ መስፋፋት ምን ያህል አስተዋጽዖ እንዳደረገ የብራናውን ቃልና የደለሉን ልኬት አብሮ ማንበብ የሚችል ባለሙያ የሚጠይቅ ጉዳይ ነው። ግእዝ የሚያነብ የታሪክ ተማሪና ብናኝ የሚቆጥር የሳይንስ ተማሪ በአንድ ጠረጴዛ ቢቀመጡ ጥያቄው ለሁለቱም የመመረቂያ ጽሑፍ ይኾናል።

ገዳሙ ራሱም የውኃው መጠን ምስክር ነው። በ1520ዎቹ ኢትዮጵያን የጎበኘው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የእስጢፋኖስን ገዳም በሐይቅ መካከል ባለ ደሴት ላይ እንዳለ ጽፎታል። ዛሬ ወደ ገዳሙ በእግርም በመኪናም ይኬዳል፤ ደሴቱ ከየብስ ጋር ተያይዞ ባሕረ ገብ መሬት ኾኗል። ውኃው ወደ ኋላ ሸሽቷል፤ በደለል የተሞላም ዳርቻ አለ።

ብራናዎቹን ከጥፋት ለመጠበቅ የተደረገው ሥራም የዩኒቨርሲቲ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ በሚገኘው በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ያለው የብራና ቤተ መጻሕፍትና ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ በጋራ የኢትዮጵያን ብራናዎች በማይክሮፊልም ማንሣት ጀመሩ። የሐይቅ እስጢፋኖስ መጻሕፍትም ተነሡ፤ የአባ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል በዚህ ስብስብ ውስጥ ቁጥር 1832 ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ያረፉት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በስደት ሀገር ኾነው የስብስቡን ካታሎግ በማዘጋጀት ረጅም ዕድሜያቸውን ሰጥተዋል። ዋናው መጽሐፍ በገዳሙ ሲኖር ቅጂው በሌላ ቦታ መቀመጡ፣ እሳትም ኾነ ጦርነት ቢመጣ ቃሉ እንዳይጠፋ ያደርጋል። ለደለሉ ግን ቅጂ የለውም።

ከዚህ በላይ ያለው የሩቅ ዘመን ነገር ነው። ደለሉ ስለ ቅርብ ጊዜ የሚናገረው ደግሞ የብዙ ሰዎችን ኑሮ የሚነካ ነው።

እስከ 1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) የሐይቅ ውኃ ጥርት ያለ፣ አልጌ ያነሰበት ነበር። እልሳቤጥ ከበደና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ጥናት፣ በ20 ዓመታት ገደማ ውስጥ ሐይቁ ወደ አረንጓዴነት እንደተለወጠ፣ አልጌው እንደበዛና ብርሃን ወደ ታች የሚዘልቅበት መጠን እንደቀነሰ አሳዩ። በመካከሉ የኾነው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ1978 በዓሣ ምርት የአካባቢውን ሕዝብ ለመጥቀም የቆሮሶ ጫጩት ወደ ሐይቁ ተጨምሮ ነበር። ዓሣው ተስማማው፤ ተራባ፤ ለብዙ ወጣቶችም እንጀራ ኾነ። ይሁን እንጂ ውኃው ውስጥ አልጌን እየተመገቡ ጥራቱን የሚጠብቁ ጥቃቅን እንስሳት ነበሩ። እነዚህ ለዓሣው ጫጩት ጥሩ ምግብ ናቸው። ትልልቆቹ ሲበሉ አልጌው የሚበላው አጣና በዛ። በጓሮ ያለ ሣር በጎች ሲሸጡ እንደሚያድገው ዓይነት ነው።

ዓሣው ብቻውን ተጠያቂ ነው ማለት ግን ለመሬቱ ሥራ ምሕረት ማድረግ ይኾናል። አልጌ እንደማንኛውም ሰብል ፎስፈረስና ናይትሮጅን ይፈልጋል። ፎስፈረስ ከናይትሮጅን የሚለየው ከአፈር ቅንጣት ጋር አጥብቆ መጣበቁ ነው። በውኃ ሟሙቶ ከመሄድ ይልቅ አፈሩ ሲታጠብ አብሮ ይታጠባል። ስለዚህ በሸንተረር ላይ ባለ ማሳ የተበተነ የኤንፒኤስ ማዳበሪያ፣ እርከን ከሌለ፣ በመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከላይኛው ለም አፈር ጋር ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ገበሬው በውድ ዋጋ የገዛው ማዳበሪያ ጤፉን ሳይኾን አልጌውን አበለጸገ ማለት ነው። ሐይቁ መውጫ ስለሌለው ደግሞ የገባው ፎስፈረስ ከደለሉ እየተነሣ በየዓመቱ ሊያገለግል ይችላል።

ዓሣ አስጋሪዎች ሊያውቁት የሚገባ ሌላ ጉዳይ አለ። ጥልቅ ሐይቅ በሁለት ንብርብር የተከፈለ ነው። ፀሐይ የሚያሞቀው የላይኛው ውኃ ቀላል ስለኾነ ከቀዝቃዛው የታችኛው ውኃ ላይ ይንሳፈፋል፤ ሁለቱ በቀላሉ አይቀላቀሉም። የሞተ አልጌ ወደ ታች ሲዘቅጥ መበስበሱ የታችኛውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል። ዓሣ መኖር የሚችለው በላይኛው ክፍል ብቻ ይኾናል፤ አልጌ በበዛ መጠንም ይህ ክፍል እየጠበበ ይሄዳል። የበጋው ብርድና ነፋስ ሲመጣ የላይኛው ውኃ ቀዝቅዞ ይከብድና ይሰምጣል፤ ኦክስጅን የሌለው የታችኛው ወደ ላይ ይወጣል። በእንዲህ ያለ ጊዜ በጥልቅ ሐይቆች ዓሣ በድንገት በብዛት ሊሞት ይችላል። ሁልጊዜ መርዝ ስለተጨመረ አይደለም። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ታደሰ ፈታሂና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጧቸው ጥናቶች በሐይቁ ውስጥ ማን ማንን እንደሚመገብ፣ ከአልጌው እስከ ቆሮሶና አምባዛ ያለውን ሰንሰለት መርምረዋል። ማስገሪያ ሕግ ለማውጣት እንዲህ ያለ ዕውቀት መሠረት ነው። የትኛው ዓሣ በምን ወቅት፣ በምን ዓይነት መረብ ይያዝ የሚለው በግምት ሊወሰን አይገባም።

ነገሩ ቸል ቢባል ምን ሊደርስ ይችላል ለሚል ሰው ምሥራቅ ሐረርጌን ማየት ይበቃል። የሐሮማያ ሐይቅ ከሀገሪቱ አንጋፋ የግብርና ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ላይ የነበረ ነው። ለጫትና ለአትክልት መስኖ የሚሳበው ውኃ፣ ለከተሞች የሚቀርበው የመጠጥ ውኃና ከተራራው የወረደው ደለል ተደማምረው በ1990ዎቹ ማብቂያ ሐይቁ ደረቀ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ውኃው ተመልሶ ታይቷል። ሐሮማያ ጥልቀት የሌለው ሐይቅ ስለነበር ከሐይቅ ጋር በቀጥታ አይመሳሰልም፤ ሐይቅ በአንድ ትውልድ አይደርቅም። የጫት ማሳና የውኃ መሳቢያ ሞተር ግን በተሁለደሬም አለ። ዩኒቨርሲቲ አጠገብ መኖሩ ብቻውን ሐይቅን እንደማያድንም ከዚያ ታይቷል።

ለሐይቅ ቅርብ የኾነው ደሴና ኮምቦልቻ ላይ የተመሠረተው ወሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152 ዩኒቨርሲቲዎች ከማስተማርና ከምርምር ጎን ለጎን ለማኅበረሰቡ አገልግሎት እንዲሰጡ ይጠይቃል። ዩኒቨርሲቲው በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ምክንያት ከባድ ዝርፊያና ውድመት ደርሶበት ስለነበር የላቦራቶሪ ሥራ መልሶ ማቋቋም ቀላል አልነበረም። ነገር ግን ስለ ሐይቅ እስካሁን የታተሙት ዐበይት ጥናቶች በአመዛኙ በእንግሊዝኛ፣ በውጭ መጽሔቶች ላይ ናቸው። የቀበሌ ልማት ባለሙያ ወይም የመስኖ ተጠቃሚ ማኅበር ሊያነባቸው አይችልም። ቱቦው ወደ ሐይቁ ሲወርድ በዳር ቆሞ የተመለከተው ገበሬ ከጭቃው ምን እንደተገኘ የመስማት መብት አለው። ውጤቱን በአማርኛ ማቅረብ ደግሞ አዲስ መሣሪያ አይጠይቅም።

በማሳ ደረጃ የሚደረገው የታወቀ ነው። በሸንተረሩ ላይ እርከን፣ በቦረቦር ላይ ክትር፣ በእርከኑ ጠርዝ ላይ ለከብት መኖ የሚኾን ሣር። ማዳበሪያን ከመበተን በመስመር መቅበር። ከሐይቁ ዳር ጥቂት ሜትር ሳይታረስ በሣርና በቁጥቋጦ እንዲሸፈን መተው። ይህ የመጨረሻው ብዙ ክርክር ያስነሣል፤ ውኃው ሲሸሽ የሚገኘው መሬት ለምና እርጥብ ስለኾነ ማንም ሊተወው አይፈልግም። የሚታጠበው አፈር ግን መጀመሪያ የሚያዘው በዚያ የሣር መቀነት ላይ ነው።

የሐይቁን ጤና ለመከታተልም ርካሽ መሣሪያ አለ። አንጀሎ ሴኪ የተባለ ጣሊያናዊ ቄስና የሥነ ፈለክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1865 የባሕርን ጥራት ለመለካት ነጭ ሳህን በገመድ አስሮ ወደ ውኃ አወረደ። ዛሬም በመላው ዓለም የሐይቅ ተመራማሪዎች የሚጠቀሙት ይህንኑ ነው። 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ክብ ቆርቆሮ በአራት ተከፍሎ ጥቁርና ነጭ ይቀባል፤ ከታቹ ክብደት፣ ከላዩ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ምልክት የተደረገበት ገመድ ይታሰርለታል። የትምህርት ቤት የሳይንስ ክበብም ኾነ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር ሊሠራው ይችላል። ከጀልባ ላይ ወደ ጥላው በኩል፣ እኩለ ቀን አካባቢ፣ ነፋስ በሌለበት ጊዜ ይወርዳል። ሳህኑ ከዐይን በተሰወረበት ቅጽበት በገመዱ ላይ ያለው ልክ ይያዛል፤ ጥቂት ሰምጦ ወደ ላይ ሲጎተት ዳግም በታየበት ሥፍራም እንዲሁ። የሁለቱ አማካይ ከቀኑና ከቦታው ስም ጋር በደብተር ይጻፋል። በወር አንድ ጊዜ፣ ሁልጊዜ በዚያው ሥፍራ ከተለካ፣ ከጥቂት ክረምቶች በኋላ በተፋሰሱ ላይ የተሠራው እርከን ለውኃው ምን እንዳደረገለት ከደብተሩ ማንበብ ይቻላል።